አባቴ «ጩኸት ነው» ይላል፤ እና ሌሎች ጥያቄዎች

በዚህ ሳምንት የመጡት ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ፎክ-ፓንክ ናቸው። ነገሩን ለማያውቅ፦ የባህል ዜማና የባህል መሣሪያ በፓንክ፣ ማለትም በሻካራው ሮክ፣ ፍጥነትና ጩኸት ሲጫወት ማለት ነው። ስሙን ካስጠሩት ዋናው እ.ኤ.አ. በ1982 (ከዚህ በታችም ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለንደን ላይ የተመሠረተው ዘ ፖግስ የሚባለው ባንድ ነው። አኮርዲዮን፣ ባንጆና የእኛን ዋሽንት የሚያስታውስ የቆርቆሮ ዋሽንት ይዘው ነበር መድረክ የሚወጡት። ወደ ጥያቄዎቹ እንግባ።

የሳክስፎን ተጫዋቹን የጌታቸው መኩሪያን «ሞአ አንበሳ» አልበም ቤት ውስጥ ከፈትኩት። አባቴ «ሰውዬውን በጩኸት ቀበሩት» ብሎ አጠፋብኝ። የፈረንጅ ጸሐፊዎች ደግሞ አድንቀው አይጠግቡም። ማንን ልመን? (ከማራኪ)

አባትህ ላይ አትፍረድ። እሱ የሚያውቀው ጋሽ ጌታቸው ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወተውን፣ ባንዱ ከኋላ ዝቅ ብሎ የሚያጅበውን ሰው ነው። በ2006ቱ አልበም የሚያጅቡት ግን ዘ ኤክስ ናቸው፤ ከ1979 ጀምሮ ያሉ የሆላንድ ፓንኮች። በ2004 ለ25ኛ ዓመታቸው አምስተርዳም ጋበዙት፤ አልበሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጊታሮቹ ዝቅ አይሉለትም፤ እኩል ይፎክራሉ።

ግን ሽለላ መቼ ጸጥ ያለ ነገር ሆኖ ያውቃል? ሰርግ ላይ አንድ ሰው ዱላውን ይዞ ብድግ ሲል፣ መሬቱን ሲደልቅ፣ ድምፁ ሲሻክር አይተሃል። ጌታቸው ራሱ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ነበር መድረክ የሚወጣው። ደግሞም በ2012 ከእነዚሁ ሰዎች ጋር ሁለተኛ አልበም ሠርቷል። የቀበሩት ሰው ተመልሶ አብሯቸው ስቱዲዮ አይገባም።

እኔ የማልወደው ሌላ ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ክላርኔቱና ትሮምቦኑ ተደራርበው ዜማውን ያደበዝዙታል። የፈረንጆቹንም አድናቆት እንዳለ አትዋጠው፤ ብዙዎቹ ኃይሉን ይወዱታል እንጂ ፉከራውን አይለዩትም። አባትህ ይለየዋል። ሳክስፎኑ ጎልቶ የሚወጣበትን ቦታ ፈልገህ አሰማው፤ ጊታሩ ሲገባ ምን እንደሚል ጻፍልኝ።

አጌንስት ሚ የሚባለውን ባንድ እወዳለሁ። «ኒው ዌቭ» ሲወጣ ስፒን መጽሔት የ2007 ምርጥ አልበም አለው። የድሮ አድናቂዎቹ ግን እስከ ዛሬ «ለገንዘብ ተሸጡ» እያሉ ያማሉ። ምቀኝነት ነው? (ከአዘዞ)

ምቀኝነት እንኳ አይመስለኝም። ይህ ባንድ ፍሎሪዳ ውስጥ ሲጀምር አንድ አኮስቲክ ጊታር ነበር፤ ከበሮው ባልዲ ነበር። የ2002ቱን የመጀመሪያ አልበም ስማው። ተቀባዮቹ የጠጅ ቤት ጉባኤ ይመስላሉ፤ ማን ባንዱ፣ ማን ታዳሚው እንደሆነ አይለይም። ከዚያ ወደ ትልቅ ኩባንያ ሄዱ፤ «ኒው ዌቭ»ን የኒርቫናን «ኔቨርማይንድ» ያዘጋጀው ቡች ቪግ አዘጋጀው። ድምፁ ጠራ፣ ከበሮው ደረቱን ነፋ።

እዚህ ጎንደር አዝማሪ ቤት የሚገባ ሰው ይህ ቅሬታ አይጠፋውም። «ተቀበል!» ትለዋለህ፣ ግጥም ትሰጠዋለህ፣ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ያንተን ቃል ለቤቱ ሁሉ ይዘፍነዋል። ከወደድከው ብሩን ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ። ካልወደድከው ፊትህን ታዞራለህ። አንድ ቀን ያው አዝማሪ ግጥሙን ሁሉ ከቤቱ ጽፎ ቢመጣስ? ግጥሙ ያምር ይሆናል፤ አንተ ግን ሥራ ፈትተህ ትቀመጣለህ። የአጌንስት ሚ አድናቂዎችም የሆነባቸው ይኼ ነው። ስፒን የመረጠው አልበሙን ነው፤ እነሱ የናፈቁት ቦታቸውን ነው። አልበሙ ግን በእኔ ጆሮ ጥሩ ነው፤ በተለይ ጊታሩ።

ወንድሜ ዘፈን ከለቀቀ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ የሚያየው ሰው የለም። ተስፋ ይቁረጥ? (ከፒያሳ፣ እህቱ)

ኧረ በፍጹም። ቫዮለንት ፌምስ የሚባለው የአሜሪካ ባንድ አባላት መንገድ ዳር ሲጫወቱ የተገኙ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1983 ወጣ። ከአንድ ጆሮ ወደ ሌላው እየተላለፈ በ1991 አሜሪካ ውስጥ ሚሊዮን ቅጂ ለሚሸጥ የሚሰጠውን ፕላቲነም አገኘ፤ ያኔ የአሜሪካን የአልበም ደረጃ የሚያወጣው የቢልቦርድ ዋናው ሰንጠረዥ ውስጥ ገና አልገባም ነበር።

እኔ ማሲንቆ፣ ጓደኞቼ ኤሌክትሪክ ጊታርና ድራም እንጫወታለን። ሽማግሌዎች «ባህል አበላሻችሁ» ይሉናል ብለን ፈርተናል። ደግሞ ማሲንቆው አይሰማም። (ከቀበሌ 16)

ከሁለተኛው እንጀምር። ማይክ ከፊቱ ብትተክል የጊታሩን ጩኸት ሁሉ ይሰበስብና ያፏጫል። ትንሽ ፒክአፕ (የመሣሪያውን ንዝረት ወደ አምፕሊፋየር የሚያስተላልፍ) ቆዳው ላይ፣ ድልድዩ አጠገብ ለጥፍ፤ ከአምፕሊፋየሩም ራቅ በል። ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ስለሚላላ ከመጫወትህ በፊት እሳት ዳር ትንሽ አሙቀው።

ሽማግሌዎቹን የሚያስቆጣው ጩኸቱ ሳይሆን ቅኝቱ መሳቱ ነው። የፓንክ ጊታሪስት የለመደው ፓወር ኮርድ መነሻ ድምፁንና አምስተኛውን ይይዛል። ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ላይ መነሻው ላይ ቢይዘው ችግር የለም። አንቺ ሆዬ ውስጥ ግን ያ አምስተኛ ድምፅ የለም፤ ያለው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ነው። እዚያ ላይ ፓወር ኮርድ ከመታ ከማሲንቆህ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፤ ጆሮ ያለው ሰው ወዲያው ይኮሳተራል። ጓደኛህ መነሻውን ድምፅ ብቻ ይዞ ይቆይ። ከዘፈኑ መሀል ደግሞ ሕዝቡ የሚቀበልበት ቦታ ተዉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጫወቱ አንድ ሁለት አዝማሪዎች ጥሩ፤ እነሱ አይሸነግሏችሁም።

ለጀማሪ ከየት ይጀመራል? (ከአራዳ)

ኤልቪስ ኮስቴሎ ካዘጋጀው ከዘ ፖግስ የ1985 አልበም። ቀጥሎ ቫዮለንት ፌምስ፣ ከዚያ «ሞአ አንበሳ»። በስልክ ስፒከር ግን እንዳትሰማው፤ ቤዙ ይጠፋና በእውነትም ጩኸት ብቻ ይቀርልሃል።