የእናቴ የተሰበረ የፊት ጥርስ ይነቀል ወይስ ይጠገን?

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ወንጂ ስላደገች ጥርሶቿ ከልጅነቷ ጀምሮ ቡናማ ናቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቆሎ ስትቆረጥም ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ የአንዱ ግማሽ ተሰበረ። አያማትም፤ ነገር ግን ሰው ፊት ስትናገር አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ስባሪውን በወረቀት ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። የሄድንበት ክሊኒክ በዚህ ዕድሜ ቢነቀል ይሻላል አለን፤ ለልብ ሕመሟ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት ስለምትወስድ ፈራን። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ጥርስ ይነቀል ወይም ይትረፍ የሚለውን የሚወስነው ዕድሜ ሳይሆን ከድድ በላይ የቀረው ጤነኛ ክፍል ነው። የእናትዎ ጥርስ ግማሹ ካለ፣ ሥሩም በራጅ ሲታይ ካልተሰነጠቀና ጫፉ ላይ መግል ካልቋጠረ፣ ለመንቀል የሚያበቃ ምክንያት አይታየኝም። በዕድሜ ብዛት የጥርሱ ውስጠኛ ክፍት ቦታ እየጠበበ፣ ነርቩም ወደ ውስጥ እየሸሸ ስለሚሄድ ብዙ አረጋውያን ጥርሳቸው ተሰብሮ አያማቸውም። ነርቩ ሞቶም ሊሆን ስለሚችል ግን ሐኪሙ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ነገር ሊፈትነው ይገባል፤ ከሞተ የጥርስ ሥር ሕክምና ይቀድማል።

ጥገናው በአብዛኛው በአንድ ቀጠሮ የሚያልቅ፣ ኮምፖዚት በተባለ ጥርስ መሰል ማቴሪያል የሚሠራ ሙሌት ነው። የጥርሱ ገጽ በፎስፎሪክ አሲድ ይሻከራል፣ ማጣበቂያ ይቀባል፣ ኮምፖዚቱም በስሱ እየተደረበ በሰማያዊ ብርሃን ይጠነክራል። ወንጂ ያለችበት የስምጥ ሸለቆ ውኃ ፍሎራይድ የተባለው ማዕድን የበዛበት በመሆኑ ያደነደነውን ኢናሜል (የጥርሱን ውጫዊ ሽፋን) አሲዱ በቀላሉ አይበላውም፤ ስለዚህ ገጹን በጥቂቱ መሞረድና አሲዱን ትንሽ ማቆየት ያስፈልጋል። ወንጂ ማደጋቸውን ለሐኪሙ ንገሩት።

አጥብቄ የምመክረው ስለ ቀለሙ ነው። አፍ ተከፍቶ ሲቆይ ጥርስ ይደርቅና ይነጣል። ስለዚህ ቀለሙ ሥራው ሳይጀመር፣ ጥርሱ በምራቅ እንደረጠበ፣ በመስኮት ብርሃን ይመረጥ፤ መስታወቱንም እናትዎ ራሳቸው ይያዙ። በቡናማዎቹ መካከል የሚቆም ነጭ ጥርስ ነጠላውን ከአፋቸው አያወርድላቸውም። ስባሪውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ልክ ከገጠመ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሊለጠፍ ይችላል፣ ለሦስት ሳምንት ስለደረቀ ግን ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

ስብራቱ እስከ ድድ ወርዶ ቢሆን ኖሮ የሥር ሕክምና፣ በሥሩ ውስጥ የሚተከል ምሰሶና ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ቆብ) ያስፈልግ ነበር፤ ለዚህም ከድድ በላይ ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጤነኛ ጥርስ መቅረት አለበት።

ለሙሌቱ ሲባል ዋርፋሪኑ አይቋረጥም፤ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ደም እንዲረጋና አንጎልን እንዲመታ ሊያደርግ ይችላል። መንቀል ግድ ቢሆን እንኳ ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚለካው አይኤንአር የሚባለው ምርመራ ቀድሞ ይታያል፤ ውጤቱ ከ4 በታች ከሆነ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ፣ ቁስሉ ተሰፍቶና በፋሻ ተጭኖ አንድ ጥርስ መንቀል ይቻላል። ለሕመም ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ እንዳይሰጧቸው። ለጥርስ ኢንፌክሽን ዘወትር የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞልም የዋርፋሪንን ኃይል ጨምሮ ደም ሊያፈስ ስለሚችል፣ ማንኛውም ማዘዣ ከመጻፉ በፊት የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነመያዣቸው ለሐኪሙ አሳዩት። የልብ ቫልቭ ተተክቶላቸው ከሆነም ድድ የሚነካ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መከላከያ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልጋቸው ስለሚችል ይህንኑ አስቀድማችሁ ንገሩት።