ሲ ሞልቶ ዲ ባዶ ሲሆን

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ የላፕቶፔ ሃርድ ዲስክ 500 ጂቢ ነው፣ ለሲ ድራይቭ 100 ብቻ ተሰጥቶት ቀይ ሆኗል፣ ዲ ግን ግማሹ እንኳን አልተያዘም። በዊንዶውሱ በራሱ ከዲ 150 ጂቢ ቀነስኩና ሲን ላሰፋ ስል ኤክስቴንድ ቮልዩም የሚለው ደብዝዞ አልጫን አለኝ። ፎርማት አስደርጊው ይሉኛል፣ የመመረቂያ ጽሁፌ ግን እዛው ነው ያለው፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣ ፎርማት ምናምን የሚሉሽን ተያቸው። ዊንዶውስ ሲን የሚያሰፋው ባዶው ቦታ ከሲ ቀጥሎ በስተቀኝ ተጣብቆ ሲያገኘው ነው፣ አንቺ የቀነስሽው ደግሞ ከዲ ወዲያ ነው የተቀመጠው፣ ስለዚህ ዲ ራሱ ወደ ቀኝ መጠጋት አለበት፣ ይሄን ጂፓርትድ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ይሰራዋል።

መጀመሪያ ጽሁፍሽን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪ፣ ዲ ላይ ማስቀመጥ ባክአፕ አይባልም ያው አንድ ዲስክ ነው። ከዛ ጂፓርትድ ላይቭን (ከፍላሽ በራሱ የሚነሳውን ጂፓርትድ) ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጫኚ (ፍላሹ ላይ ያለው ይጠፋል)፣ ቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስኩን የሚቆልፍበት) ካለ አጥፊና እስኪጨርስ ጠብቂ፣ ዊንዶውሱን ስትዘጊ ሺፍት ተጭነሽ ሸት ዳውን በይው፣ አለበለዚያ በግማሽ ተኝቶ ይቀርና ጂፓርትድ አልነካም ይልሻል። ላፕቶፑን በፍላሹ ስታስነሺ (ቡት ስታደርጊ) ሲ ዲ የሚል ስም የለም፣ በመጠናቸው ነው የምትለያቸው። ዲን መጠኑን ሳትነኪ ወደ ቀኝ ጎትቺው፣ ሲን ዘርጊው፣ አፕላይ እስክትዪ ድረስ ዲስኩ ላይ ምንም አይነካም ስለዚህ ተረጋግተሽ እዪው። አፕላይ ካልሽ በኋላ ግን ዲ ላይ ያለውን በሙሉ ስለሚያዛውር ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፣ መሃል ላይ መብራት ሄዶ ባትሪሽም ከከዳሽ ዲ ላይ ያለው ሊበላሽ ይችላል።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን፣ ዲ ላይ ያለው ፋይል ኤክስተርናልሽ ላይ የሚበቃ ከሆነ ሁሉንም ገልብጠሽ፣ ከፍተሽ አረጋግጠሽ፣ ዲን ዲሊት አድርጊው። ያኔ ያ የደበዘዘው ኤክስቴንድ ቮልዩም ይበራል፣ ሲን ታሰፊያለሽ በቃ፣ የሚዛወር ነገር ስለሌለ ደቂቃም አይፈጅ። በሲና በዲ መሃል ሪከቨሪ የምትል ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፋይ) ካለች ብቻ ወደ ጂፓርትድ ትመለሺያለሽ። በተረፈው ቦታ አዲሱን ፓርቲሽን ስትፈጥሪ ፊደሉን ዲ ማድረግ አትርሺ፣ እዛ የጫንሽው ፕሮግራም ካለ በዛው ፊደል ነው የሚፈልገው።