ከሥር የሚፈላ አሸዋና የሚናድ ጉድጓድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ፣ ከደጫቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ለጓሮ አትክልት የሚሆን የውሃ ጉድጓድ በእጅ እያስቆፈርኩ ነው። 8 ሜትር ላይ ውሃ ተገኘ። ነገር ግን በፓምፕ ስናወጣው አሸዋ ከሥር እየፈላ ይመጣል፤ ግድግዳውም ይናዳል። ቆፋሪዎቹ «ጠንካራ ፓምፕ አምጡና ቶሎ እንውረድ» ይላሉ። ያዋጣል? ቀድሞስ ማወቅ ይቻል ነበር?

መልስ፦ አያዋጣም። ፓምፑን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ሰውም አይውረድ። የጉድጓዱ ውሃ ዝቅ ባለ ቁጥር የዙሪያው ውሃ በግፊት ከሥር ይገባል፤ ሲገባም አሸዋውን ይዞ ነው። በወጣው አሸዋ ልክ ከግድግዳው ጀርባ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ የሚናደውም ለዚህ ነው። ቤት ቅርብ ከሆነ መሠረቱ ሳይቀር ይሰነጠቃል። ውሃው ወደ ቦታው ይመለስ፤ ግድግዳውን ይደግፋል።

ከዚያ በኮንክሪት ቀለበት ይውረዱ፦ የውስጥ ስፋት 1.20 ሜትር፣ ከፍታ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረት 7.5 ሳንቲ ሜትር፣ ውስጡ ፌሮ ያለበት። አንዱ 360 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በገመድና በጉልበት አይሞከርም፤ ባለሦስት እግር ማንሻና ፓራንኮ (በሰንሰለት የሚሠራ የክብደት ማንሻ) ያስፈልጋል። የታችኛው ቀለበት ጠርዝ ስል ይሁን። ቀለበቶቹ ከታች እስከ አፍ ሳይደረደሩ፣ ከጀርባቸው ያለው ክፍተትም በጠጠር ሳይሞላ ማንም አይግባ። ከሥራቸው ሲቆፈር ቀለበቶቹ በራሳቸው ክብደት ይወርዳሉ፤ ስለዚህ ቆፋሪው ከመሃል ጀምሮ ዙሪያውን እኩል ይቆፍር፤ አንድ ጎን ከቀደመ ድርድሩ ያዘማል፤ ያዘመመን ማቃናት ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። በየ25 ሳንቲ ሜትሩ በቱንቢ ይለካ። ቀለበት ውስጥም አሸዋው ከፈላ፣ ጥልቀቱ ይብቃዎት፦ መጀመሪያ ሻካራ አሸዋ፣ ቀጥሎ ደቃቅ ጠጠር፣ ከላይ ትልቁን ጠጠር፣ በድምሩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወለሉን ያልብሱት።

የቤንዚን ወይም የናፍጣ ሞተር ጉድጓድ ውስጥም አፉ ላይም አይቀመጥ። ጭሱ ይገድላል፤ ሻማ ማውረድም ይህን ጋዝ አያሳይም።

ቀድሞ ማወቅስ? በከፊል ይቻላል። ደጫቱ ከተራራው ያወረደው አሸዋ፣ ጠጠርና ቋጥኝ በጥቂት ሜትር ርቀት ውስጥ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ የጎረቤት ጉድጓድ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ዋስትና አይሆንም። የወንዙን የተቆረጠ ዳር ቆም ብለው ይዩት፤ ድርብርቡ ፊት ለፊት ይታያል። በእጅ መሰርሰሪያ በየግማሽ ሜትሩ አፈር አውጥተው በቅደም ተከተል ጣውላ ላይ ይደርድሩ። ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ ደግሞ በየቀኑ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ወለሉ ላይ በመዶሻ ይምቱ። ድንገት ያለ ችግር ከሰመጠ ልል አሸዋ ቀርቧል፤ ቀለበቱ ያኔ መዘጋጀት አለበት።

የጥልቅ ማዕድን ጉድጓድ ባለሙያዎችም ከወለሉ በታች ቀድመው እየሰረሰሩ ነው የሚወርዱት፤ ውሃ ካገኙ ሲሚንቶ በግፊት ወደ መሬቱ ውስጥ ያስገባሉ። ሲሚንቶ የማይዘልቀውን ውሃ ያዘለ ደቃቅ አሸዋ ግን በዙሪያው በተቀበሩ ቧንቧዎች ቀዝቃዛ የጨው ውሃ አዘዋውረው፣ እንደ በረዶ አጠንክረው ነው የሚያልፉት። ይህ ዘዴ ጀርመን ውስጥ በ1883 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አግኝቷል።

ውሃውን ለአትክልት ብቻ ያውሉት። በከተማው ሥር ያለው ውሃ ናይትሬት የተባለ፣ ሲጠጣ የሚጎዳ ንጥረ ነገር ይበዛበታል፤ ማፍላትም አያስወግደውም።