ለዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተሮች የትኛው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር? ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጅማ ውስጥ ከሚያስተምሩ መምህራንና መመረቂያ ጽሑፍ ከሚሠሩ ተማሪዎች ለደረሱኝ ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለትምህርት ክፍላችን በጀት ተፈቅዷል። ኤስፒኤስኤስ ወይስ ስታታ እንግዛ?

መልስ፦ ሁለቱም የሚከፈልባቸው ስለሆኑ አስቀድማችሁ ስለ ፈቃዱ አስቡ። በላብራቶሪው ኮምፒውተሮች ላይ የተጫነ ፈቃድ ከተማሪው ጋር አይመረቅም፤ አጋሮ ወይም ሊሙ ሄዶ ሥራ ሲጀምር የለመደው ሶፍትዌር አብሮት የለም። ስለዚህ መሠረቱ አር (R) የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ይሁን እላለሁ። ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ነው፤ ለሁሉም በነጻ ይሰጣል። በበጀቱ ለጤና ተመራማሪዎች ጥቂት የስታታ ፈቃዶች ግዙ፤ ለቤት ለቤት ዳሰሳ መረጃ እጅግ ምቹ ነው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥስ? የአር ፓኬጆች (በላዩ የሚጨመሩ መሣሪያዎች) የሚወርዱት ከኢንተርኔት ነው።

መልስ፦ ፓኬጆቹን ገልብጣችሁ በግቢው ሰርቨር ላይ አስቀምጡ። በዚያው ሰርቨር ሊኑክስ ላይ አርን በብሮውዘር የሚያሠራውን የአርስቱዲዮ ሰርቨር ነጻ ስሪት ጫኑ። ተማሪው በብሮውዘር ይገባል፤ ስሌቱ የሚካሄደው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ የላብራቶሪው ኮምፒውተር ማርጀት ብዙ አይጎዳም። አር ግን መረጃውን ሙሉ በሙሉ ወደ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ያስገባል። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲገባ ራም ካነሰ ሁሉም ይቆማል፤ ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አውሉ።

ጥያቄ፦ በፍላሽ የሚዞረውን ያለ ፈቃድ የተከፈተ ኤስፒኤስኤስ ብንጠቀምስ?

መልስ፦ አይሆንም። ሕገ ወጥ ነው፤ ቫይረስም ይዞ ይመጣል። ፒኤስፒፒ (PSPP) የተባለው ሶፍትዌር ነጻ ነው፣ አሠራሩ ይቀራረባል፣ የኤስፒኤስኤስን ፋይልም ይከፍታል።

ጥያቄ፦ ቀኖቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስገብተን ነበር። ስታታ አንዳንዶቹን ባዶ አደረጋቸው።

መልስ፦ ይህ ብዙ ጥናት የሚያበላሽ ጉዳይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ስትጽፉ ሶፍትዌሩ የሚያነበው ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ባዶ ያደርገዋል። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች ትጠፋለች። የባሰው ግን ባዶ ሳይሆን የሚያልፈው ነው። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 1 ያለው 30 ቀን ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን 28 ወይም 29 ይላችኋል። በሕክምና ክትትል ጥናት ይህ ስህተት ውጤት ይቀይራል። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዓምዶች ለየብቻ መዝግቡ፤ ከዚያ ወደ ጎርጎርዮሳዊው ቀይራችሁ አስሉ።

ጥያቄ፦ የአማካሪዬ ስታታ የቆየ ነው፤ ፋይሌን አልከፍትም አለ።

መልስ፦ ፋይሉን በቆየው ስሪት ቅርጽ በሚያስቀምጠው ሴቭኦልድ (saveold) በሚለው ትእዛዝ አስቀምጠህ ላክላቸው።

ጥያቄ፦ የማውቀው የኤስፒኤስኤስን ሜኑ ብቻ ነው። ወደ አር መሻገር ከበደኝ።

መልስ፦ በኤስፒኤስኤስ ጀምሪ እንጂ አትጨነቂ። ሜኑ ላይ ከመረጥሽ በኋላ ኦኬ ከማለት ይልቅ ፔስት የሚለውን ተጫኚ፤ ትእዛዙ በጽሑፍ ይወጣልሻል። አስቀምጪው። ፈታኙ ሠንጠረዡ ከየት መጣ ቢሉሽ ያንኑ ፋይል ከፍተሽ እፊታቸው ድገሚላቸው።