የሎዋር ሸለቆ ግንቦች፦ ጠይቁ፣ ጠራቢው ይመልሳል

ጠራቢው፦ ሰላም ለሁላችሁ። «ፓሪስን አየን፣ ገጠሩንስ እንዴት እንየው?» የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ፣ ዛሬ እሑድም ስለሆነ፣ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፦ ፈረንሳይ ውስጥ፣ በሎዋር ወንዝ ሸለቆ፣ ቱር ከተማ አጠገብ የምኖር ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። የአሮጌ ቤትና የግንብ ድንጋይ ሲበላሽ አውጥቼ አዲስ እተካለሁ። ስለ ቪዛ አልመልስም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ሁለት ነገር ከወዲሁ፦ በቀን ከሁለት ግንብ በላይ አታቅዱ። ግድግዳ አትነካኩ።

ማሂ ከፍራንክፈርት፦ ጋሼ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር መኪና ይዘን ለሦስት ቀን እንመጣለን። ሻምቦር፣ ሸቬርኒ፣ ብሏ፣ ሸኖንሶ፣ አምቧዝ፣ ክሎ ሉሴ፣ አዜ ለ ሪዶ፣ ቪላንድሪ፣ ሎሽ፣ ሺኖን ብለን ይዘናል። የቀረን አለ?

ጠራቢው፦ የቀረ? አሥር ቆጠርኩልሽ እኮ! ከላይ የጻፍኩትን ሳታነቢው ነው የጠየቅሽው። በሁለተኛው ቀን ልጆቹ «ደግሞ ሌላ ቤት?» ብለው ከመኪናው አይወርዱልሽም፤ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሻምቦር ብቻ ይሁን። በሁለተኛው ጧት ሸኖንሶ፣ ከሰዓት አምቧዝ። በሦስተኛው አዜና ቪላንድሪ። ሌላውን ለከርሞ። ሸኖንሶ በሩ ሲከፈት ድረሱ፤ አረፋፍዶ የደረሰ ሰው የሚያየው የሰው ጀርባ ነው።

ዳኒ ዘ ሊዮን፦ እኔ ሻምቦርን አይቼው ተናድጄ ነው የተመለስኩት። ከ400 በላይ ክፍል አለው ይላሉ፣ ብዙው ባዶ! ዕቃው የት ሄደ?

ጠራቢው፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ንዴትህን ግን እዚያው ተወው። ፍራንሷ ቀዳማዊ ግንቡን በ1519 አስጀመረ፤ በ32 ዓመት ንግሥናው እዚያ ያደረው ተደምሮ 72 ሌሊት ያህል ነው። የዚያ ዘመን የፈረንሳይ ንጉሥ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ከጎንደር በፊት የነበሩትን የእኛን ነገሥታት አስብ፤ ድንኳን ተከላ፣ ድንኳን ነቀላ፣ ከተማው ሁሉ ንጉሡን ተከትሎ ይጓዛል። እዚህም ያው ነው። አልጋው፣ ምንጣፉ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሥዕል የተጠለፈበት ጨርቅ፣ ሁሉም በጋሪ ተጭኖ ይመጣል፣ አደኑ ሲያበቃ ተጭኖ ይሄዳል። ፈረንሳዮች የቤት ዕቃን የሚጠሩበት ቃል ራሱ «ተንቀሳቃሽ» ማለት ነው። ባዶ ክፍል አየሁ አልክ፤ ንጉሡ በሌለበት ቀን የነበረውን ሻምቦር ነው ያየኸው። ደግሞም ወደ ላይ ቀና ብለሃል? ጣሪያው ላይ ጭስ ማውጫዎቹን ተመልከት። ነጩ ድንጋይ ውስጥ ጥቁር ጥቁር ክብና አራት ማዕዘን ተለጥፎበታል። የጣሪያ ሰሌዳ ድንጋይ ነው፤ የጣሊያንን ባለቀለም እብነ በረድ ለመምሰል ብለው ያለቻቸውን ተጠቀሙ። እኔ ሻምቦር ስሄድ ታች የምቆየው አሥር ደቂቃ ነው፣ ቀሪውን ሰገነቱ ላይ።

ዳኒ ዘ ሊዮን፦ ሰገነቱን አላየሁትም። ዝናብ ነበር።

ጠራቢው፦ እንግዲያ ሻምቦርን አላየህም።

ሄኖክ፦ ስለ ፈረንሳይ ግንቦች በአጠቃላይ ብታብራራልን?

ጠራቢው፦ አልችልም። ጥያቄ ጠይቅ።

ሊያ_ጄኔቫ፦ ጋሼ፣ የሻምቦሩን ጥምር ደረጃ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው የሠራው የሚባለው እውነት ነው?

ጠራቢው፦ ሊዮናርዶ አምቧዝ ውስጥ የሞተው ሜይ 2 ቀን 1519 ነው። የሻምቦር ሥራ እንዲጀመር የታዘዘው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ። ስለዚህ እጁ የለበትም። ሐሳቡ ግን ሊኖርበት ይችላል፤ የመጨረሻ ዓመታቱን የንጉሡ እንግዳ ነበር፣ በደብተሮቹም ውስጥ እንዲህ ዓይነት የተጣመሩ ደረጃዎች ሥሏል። የፈረመበት ወረቀት ግን የለም፣ ያለ ወረቀት ደግሞ አልምልም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መሃል ላይ ውስጡ ክፍት የሆነ ዓምድ አለ፣ ሁለት ደረጃዎች ዙሪያውን እየተጠማዘዙ ይወጣሉ፣ አንዱ ከሌላው በላይ በላይ እየሄደ። አንቺ በአንዱ፣ ጓደኛሽ በሌላው ብትወጡ በዓምዱ መስኮቶች ትተያያላችሁ፣ ደረጃው ላይ ግን አትገናኙም። መቃብሩን ካልሽ አምቧዝ ግንብ ውስጥ ያለው የሴንት ኡቤር ጸሎት ቤት ነው። መጀመሪያ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ፈርሷል፤ በ1863 የተገኘውን አጥንት «የእሱ ይሆናል» ብለው ነው ወደዚያ ያዛወሩት።

ኪሩቤል_ስቶክሆልም፦ ግድግዳ አትነካኩ ያልከው ግን አልገባኝም። ድንጋይ አይደለም እንዴ? 500 ዓመት ቆሞ በእኔ ጣት ይፈርሳል?

ጠራቢው፦ ይፈርሳል። ቁጭ በል።

የዚህ አገር ድንጋይ ቱፎ ይባላል። የዛሬ 90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይህ ሁሉ ባሕር ነበር፣ የባሕሩ ወለል ላይ የረጋው ነው ድንጋይ የሆነው። ያንን ዘመን ሳይንቲስቶቹ ስም ያወጡለት በዚሁ በቱር አገር ነው፣ ቱሮኒያን ብለው። ከዋሻው ሲወጣ እርጥብና ለስላሳ ስለሆነ በእጅ መጋዝ ትቆርጠዋለህ። አየር ሲያገኝ ይደርቅና ፊቱ ይጠነክራል። ቀላል ነው፣ በጀልባ ይጫናል፣ ጠራቢው የፈለገውን ቅጠልና አውሬ ያወጣበታል። ሎዋር በግንብ የተሞላው ነገሥታቱ አደን ስለወደዱ ብቻ አይደለም፤ እግራቸው ሥር እንዲህ ያለ ድንጋይ ስለነበረም ነው። ጥፋቱም እዚያው ነው። ግማሽ ያህሉ ቀዳዳ ስለሆነ ውሃ እንደ እንጀራ ዓይን ይመጥጣል። ውርጭ ሲመታው፣ ጨው ሲገባበት፣ ፊቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፣ ከልጣጩ በስተኋላ ግን ዱቄት ነው።

ባለፈው ሳምንት የአንድ አሮጌ መኖሪያ ቤት የመስኮት ዙሪያ ስመረምር አውራ ጣቴን በቀስታ አሳለፍኩበት። ጣቴ ላይ የቀረው ልክ እንደ ፉርኖ ዱቄት ነው። አብሮ የወይን ቅጠል ጫፍ ወረደ፤ አንድ ጠራቢ ከ400 ዓመት በፊት ያወጣው ጫፍ። እኔ ሙያዬ ሆኖ ይህን አደረስኩ። አሁን በቀን ሺህ ሰው ሲያልፍ አስብ፣ አንዱ ቦርሳውን እየጎተተ፣ ሌላው ተደግፎ ፎቶ እየተነሣ።

ኪሩቤል_ስቶክሆልም፦ ገባኝ። ግን ሸኖንሶ ጸሎት ቤት ውስጥ ግድግዳ የቧጨሩ ሰዎችን ጽሑፍ እያሳዩ ያስጎበኙ የለም እንዴ!

ጠራቢው፦ የስኮትላንድ ዘበኞች ናቸው፣ በ1500ዎቹ አጋማሽ። የአንተም 450 ዓመት ሲሞላው ያስጎበኙታል። እስከዚያ ቅጣት ነው።

የአዘዞ ልጅ፦ ይቅርታ፣ ግን ጎንደር እያለልን ፈረንሳይ ድረስ ምን ያስኬደናል? አፄ ፋሲል ማንም ሳይረዳቸው ያሠሩት ግንብ እያለ!

ቶማስ_ሊዝበን፦ ማንም ሳይረዳቸው? የፖርቱጋሎች እጅ እንዳለበት የማያውቅ የለም።

የአዘዞ ልጅ፦ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አባርረው ነው እኮ ከተማውን የቆረቆሩት! ያባረሩትን ሰው መልሰው ግንበኛ አደረጉት ልትል ነው?

ቶማስ_ሊዝበን፦ ካህናቱ ተባረሩ እንጂ የተማረው እጅ አብሮ አልተባረረም። የህንድ ግንበኞችስ?

ሄኖክ፦ አክሱምም አለ።

ጠራቢው፦ ይህ ክርክር እዚህ ቤት ስንተኛው ነው? ከተማው በ1636 ነው የተቆረቆረው፣ ኢየሱሳውያኑ ከዚያ በፊት ወጥተዋል፣ እስከዚህ አዘዞ ልክ ነው። ከውጭ የመጣ ዕውቀት የለበትም ማለት ግን አይደለም። ሻምቦርም የጣሊያን ሐሳብ አለበት፤ ፈረንሳይ ውስጥ «ጣሊያን ነው የሠራልን» እያለ የሚጣላ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

እናንተ ያላነሣችሁትን ልንገራችሁ። ጎንደርንና ሎዋርን የሚያገናኛቸው ኖራ ነው። የጎንደሩ ድንጋይ ጥቁርና ጠንካራ፣ የእኛ እዚህ ነጭና ለስላሳ፣ ሁለቱንም ያያያዛቸው ግን ኖራ ነው። ኖራ ይተነፍሳል፣ ውሃ ያስወጣል፣ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ አብሮ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው፣ ውሃውን ውስጥ ያፍነዋል። እዚህ ሥራዬ ግማሹ የዛሬ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ሰዎች በሲሚንቶ የደፈኑትን መቧጠጥ ነው፤ ሲሚንቶው ቀጥ ብሎ ቆሞ ዙሪያው ያለው ቱፎ ረግፎ ታገኘዋለህ። ጎንደርም በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶ ተጠግኖ ነበር፣ በኋላ ብዙው ተነቅሎ በኖራ ተተካ። ስለ ቅርስ የሚቆረቆር ሰው ማን እንደሠራው ከሚከራከር ዛሬ በምን እየተጠገነ እንደሆነ ይጠይቅ። ከዚህ በኋላ ስለ ፖርቱጋል የጻፈውን አልመልስለትም።

እትዬ አስናቀች ከሜሪላንድ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ልጄ ፈረንሳይ ልትወስደኝ ነው፣ እኔ ግን ጉልበቴ ደረጃ አይችልም። የማየው አለ?

ጠራቢው፦ አለ እንጂ እትዬ። ቪላንድሪ ይሂዱ፣ አትክልት ቦታው ነው ዋናው፤ ጎመኑና ዱባው ራሱ እንደ ጥልፍ በመስመር ተተክሏል። ሸኖንሶም ወንዙ ላይ ያለው አዳራሽ ከምድር ቤቱ ጋር እኩል ነው፣ ወደ ፎቅ ሳይወጡ ይደርሱበታል። ሎሽና ሺኖን ግን ይቅርብዎት፣ ዳገትና ኮረት ነው። አደራ፣ በቀን አንድ ብቻ ይበቃዎታል።

ሊያ_ጄኔቫ፦ ሸኖንሶን ንጉሡ ለውሽማው ሰጣት የሚባለውስ?

ጠራቢው፦ እውነት ነው። አንሪ ዳግማዊ በ1547 ለዲያን ደ ፗቲዬ ሰጣት፣ እሷም በሸር ወንዝ ላይ ድልድይ አስገነባች። በ1559 ንጉሡ በፈረስ ላይ የጦር ጨዋታ ቆስሎ ሲሞት ሚስቱ ካትሪን ደ ሜዲሲ ዲያንን ሾሞን የሚባል ግንብ በምትክ ሰጥታ አስወጣቻት። ከዚያ በባሏ ውሽማ ድልድይ ላይ 60 ሜትር አዳራሽ ሠራችበት። ጣውንት እንዲህ ነው የሚበቀለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያ አዳራሽ የቁስለኛ ሆስፒታል ሆነ። በሁለተኛው ደግሞ ወንዙ የድንበር መስመር ነበር፣ ዋናው በር ጀርመኖች በያዙት በኩል፣ የአዳራሹ ሌላኛው በር ባልተያዘው በኩል፤ በዚያ ያመለጡ አሉ። ያቺን የኋላ በር ሳታዩ አትመለሱ።

ናቲ_ቪዲዮ፦ ወንድሜ ለሠርግ ድሮን ይዤ ብመጣ ይፈቀዳል?

ጠራቢው፦ ፈቃድ ካልያዝክ ድሮንህን ቤት ተወው።

ሳሚ፦ የሸንገን ቪዛ ስንት ቀን ይፈጃል?

ጠራቢው፦ ከላይ አንብብ።

ዮዲት (ተማሪ)፦ መኪናም ገንዘብም የለኝም፣ ፓሪስ ነው የምማረው። 23 ዓመቴ ነው።

ጠራቢው፦ አንቺማ ከሁሉም የታደልሽ ነሽ። ከሞንፓርናስ በፈጣኑ ባቡር ሴን ፒየር ደ ኮር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ቱር ከዚያ ጎን ነው። ከቱር አምቧዝ በክልሉ ባቡር 20 ደቂቃ ያህል፣ ሸኖንሶም ጣቢያው ከግንቡ በር አጠገብ ነው። ሻምቦር ባቡር የለውም፤ ከብሏ ጣቢያ በጎብኚ ወቅት አውቶቡስ አለ፣ ሰዓቱን አስቀድመሽ እዪ። ሻምቦርና አዜ የመንግሥት ናቸው፣ ከ26 በታች ሆነሽ የአውሮፓ ኅብረት ነዋሪ ከሆንሽ በነጻ ትገቢያለሽ፤ የመኖሪያ ፈቃድሽን ያዢ። ሸኖንሶና ቪላንድሪ የግል ስለሆኑ ይህ አይሠራም። በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜና እሑድ የቅርስ ቀን ነው፣ በሌላ ጊዜ የሚዘጉ የግል ቤቶች ይከፈታሉ። እኔ እንኳ ለዚያ ቀን ሥራ አልይዝም።

ወለተ ማርያም፦ ጋሽዬ በጾም ብመጣ ምን እበላለሁ? ሁሉም ቅቤና አይብ ነው አሉኝ።

ጠራቢው፦ የምግብ ሰው አይደለሁም። የፍየል አይባቸው ዝነኛ ነው፣ ለአንቺ ግን አይሆንም። እንጉዳይ ብዪ። እንጉዳዩ የሚበቅለው ደግሞ የት መሰለሽ? ቱፎው ተቆርጦ በወጣበት ዋሻ ውስጥ! ሶሚዩር አካባቢ ለግንቡ ድንጋይ የሰጠው ጉድጓድ ዛሬ እንጉዳይ ማብቀያና ወይን ማሳደሪያ ሆኗል፣ ሰው ቤት አድርጎ የሚኖርበትም አለ። ከግንብ ይልቅ አንድ ዋሻ ግቢ እላለሁ። ግድግዳው ላይ የመቁረጫው ጭረት ተራ በተራ ይታያል። ቅቤ የሌለበት እንዲሠሩልሽ ቀድመሽ ንገሪ።

ፉአድ_ጅዳ፦ የአልጄሪያው ኤሚር አብደልቃድር የታሰረው እዚያ ነው የሚባለው?

ጠራቢው፦ አምቧዝ፣ ከ1848 እስከ 1852። ከቤተሰቡና ከተከታዮቹ እዚያ የሞቱት 25 ሰዎች መታሰቢያ ግቢው ውስጥ አለ። ሄደህ እየው፣ ብዙ ጎብኚ ሳያየው ያልፋል።

አብርሽ፦ ጋሼ በአንድ ቀን ስንት ግንብ ማየት ይቻላል?

ጠራቢው፦ አብርሽ።

አብርሽ፦ አቤት?

ጠራቢው፦ ከላይ ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ለዛሬ በቃኝ፣ እራት ቀርቧል።

(ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ማሂ ከፍራንክፈርት፦ ጋሼ አለህ? ሻምቦር ነኝ፣ አሁን። ልጆቹ በአንዱ ደረጃ ሮጡ፣ እኔ በሌላው ተከተልኳቸው። በመስኮቱ እያየኋቸው ነው፣ ትልቁ ይስቅብኛል፣ ልደርስባቸው ግን አልቻልኩም!

ጠራቢው፦ አትሩጪ። ሰገነቱ ድረስ ውጪና እዚያ ጠብቂያቸው፣ ሁለቱም ደረጃ እዚያው ነው የሚያደርሰው። ልጆቹ ግድግዳውን አልነኩም አይደል?

ማሂ ከፍራንክፈርት፦ …ትንሹ ነክቶታል። ጣቱ ነጭ ሆኗል።