ግንብን በውኃ መክበብ ለምን አስፈለገ?

ጥያቄ፦ በፎቶግራፍ ካየኋቸው የእንግሊዝ አገር አሮጌ ግንቦች አንዳንዶቹ ዙሪያቸውን በውኃ የተከበቡ ናቸው። ውኃው ግን እምብዛም ጥልቅ አይመስልም። ዋና የሚችል ወታደር በአንድ ሌሊት ሊሻገረው የሚችለውን ውኃ ለማጠራቀም ያን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ? ጎንደር በሚገኘው የፋሲል መዋኛ ውስጥ የቆመው ግንብስ ከነዚህ ጋር የሚቆጠር ነው? (አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ውኃው ዋናተኛን ለማስቀረት የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የግንብ ጠባቂዎችን እንቅልፍ የሚነሣቸው ዋናተኛ አልነበረም፤ ቢሻገር እንኳ መሰላልና የጦር ትጥቅ ተሸክሞ አይሻገርም፣ ሲደርስም የሚጠብቀው ቀጥ ያለ የድንጋይ ግድግዳ ነው። ጠባቂዎቹ አብዝተው ይፈሩ የነበረው ከምድር በታች ቆፍሮ የሚመጣውን ጠላት ነው።

መድፍ ከመስፋፋቱ በፊት በነበረው ዘመን፣ ወፍራም ግንብ ለመጣል ከላይ ከመደብደብ ይልቅ ከሥር መቦርቦር ይቀል ነበር። ቆፋሪዎች ከመሠረቱ ሥር ዋሻ ያበጃሉ፤ ግድግዳው እላያቸው ላይ እንዳይናድ በእንጨት ምሰሶ እየደገፉ ይገባሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ምሰሶውን ለኩሰው ይወጣሉ፤ ድጋፉ ሲነድ ግንቡ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን በ1215 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዐመፀኞች መሳፍንት የያዙትን የሮቸስተርን ግንብ በከበበ ጊዜ አንዱን ማዕዘን የጣለው በዚሁ ዘዴ ነው። በኅዳር ወር በላከው ደብዳቤ፣ ለመብል የማይመረጡ ነገር ግን የሰቡ 40 አሳማዎች ባስቸኳይ እንዲላኩለት አዟል፤ ስባቸው የሚፈለገው ለምሰሶው ማቃጠያ ነበር። ግንቡ ዛሬም ስለቆመ ምልክቱ በዓይን ይታያል፤ ከአራቱ የማዕዘን ማማዎች ሦስቱ ባለ አራት ማዕዘን ሲሆኑ፣ በኋላ እንደገና የተሠራው አንዱ ብቻ ክብ ነው።

እንግዲህ ግንቡ በውኃ ቢከበብ፣ ከውኃው ወዲያ ማዶ የሚጀመረውን ዋሻ ውኃው እየሰረገ ይሞላዋል። በመንኰራኵር የሚገፋው የእንጨት ማማም ሆነ በር መደብደቢያው ግንድ እስከ ግድግዳው ድረስ ደረቅና ጠንካራ መሬት ይፈልጋልና ከዳር ይቀራል። ስለዚህ ጥልቀት ከሌለውም ውኃው ብዙ ይሠራል፤ ከሥሩ ያለው ጭቃም ራሱን የቻለ መከላከያ ነው።

እጅግ የሚያስደንቀኝ፣ የመቦርቦርን ጉልበት ጠንቅቆ የሚያውቀው ይኸው ንጉሥ ጆን፣ ከ1210 እስከ 1215 ባለው ጊዜ በመካከለኛው እንግሊዝ ለሚገኘው ለኬኒልዎርዝ ግንብ ከ1,000 ፓውንድ በላይ አውጥቶ ማጠናከሩ ነው። በአካባቢው የሚወርዱት ጅረቶች በግድብ ተይዘው በግንቡ ደቡብና ምዕራብ ሰፊ ሐይቅ ተኛ። የዚህ ሁሉ ድካም ውጤት የታየው ግን በገዛ ልጁ ላይ ነው። ልጁ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ ግንቡን ለመስፍኑ ለሲሞን ደ ሞንትፎርት ሰጥቶት ነበርና፣ ሲሞን ዐምፆ በ1265 በጦርነት ከሞተ በኋላ ተከታዮቹ በዚያ መሸጉ። ንጉሡ በ1266 ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ከበባቸው፤ ድንጋይ በሚወነጭፉ መሣሪያዎች አስደበደበ፤ በሐይቁ በኩል ለመግባት ከሩቅ ከቼስተር ጀልባዎችን አስመጣ። አንዱም አልተሳካለትም። በመጨረሻ ተከባቢዎቹ እጃቸውን የሰጡት ስንቃቸው ስላለቀና በሽታ ስለገባባቸው ነው። ውኃው ጠላትን ከውጭ እንዳስቀረ ሁሉ፣ እህል የሚገባበትንም በር አጥብቦት ነበር።

ከከባቢዎቹ ወገን የነበረው መስፍን ጊልበርት ደ ክሌር ከዚህ ከበባ ብዙ የተማረ ይመስለኛል፤ በ1268 በዌልስ የካርፊሊን ግንብ ማሠራት የጀመረው በሐይቆች መካከል ነውና። ካርፊሊ በስፋቱ ከዌልስ ግንቦች ሁሉ ይበልጣል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ቁም ነገር ግድቡ ነው። ግድብ ከተናደ ሐይቁ በሰዓታት ውስጥ ሊሄድ ስለሚችል፣ ውኃ የከበበው ግንብ ሁሉ ነፍሱ ያለችው በግድቡ ነው። ስለዚህ የካርፊሊ ግድብ ራሱ ማማዎችና በሮች ያሉት፣ ወታደር የሚቆምበት ረጅም ቅጥር ሆኖ ተሠራ። የኬኒልዎርዝ ሐይቅ በአንጻሩ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ግድቡ ተጥሶ ደረቀ።

ውኃ የከበባቸው ግንቦች ሁሉ ለጦርነት ብቻ ታስበው የተሠሩ አይደሉም። በ1385 ከንጉሡ ፈቃድ አግኝቶ የተሠራው የቦዲያም ግንብ ከውኃው መካከል ብቅ ሲል ያስፈራል፤ ሆኖም ውኃው በአማካይ ከሰው ቁመት የማይበልጥ ስለሆነ፣ ዋና ዓላማው የባለቤቱን ክብር ማሳየት ነበር የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እኔ ሁለቱም ዓላማ ነበረ ከሚሉት ጋር ነኝ፤ ፈረንሳውያን በባሕር እየመጡ ዳርቻውን በሚያቃጥሉበት ዘመን ማንም ሰው ለውበት ብቻ ያን ያህል ገንዘብ የሚያፈስ አይመስለኝም።

ወደ ጎንደሩ ስንመጣ፣ በትውፊት በዐፄ ፋሲል እንደተሠራ የሚነገረው መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት በዓል ነው። አብዛኛውን ዓመት ደርቆ የሚከርም ገንዳ ምሽግ ሊባል አይችልም። በእኛ አገር ውኃን መከላከያ ያደረገ ሥፍራ ለማየት ከፈለጉ እርስዎ ካሉበት ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም፤ በጣና ደሴቶች ያሉት ገዳማት በክፉ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍት የሚሸሸጉባቸው ነበሩ፤ ጎንደርን የቆረቆሩት የዐፄ ፋሲል ዐፅምም የሚገኘው በሐይቁ መካከል ባለው በዳጋ እስጢፋኖስ ነው።