ሪሰርች ልትጀምሩ ላላችሁ የጅማ ልጆች

ሰሞኑን አንድ ተመራቂ ቡና እየጠጣን "ዶክተር፣ ዳታዬን በ4 ቀን ጨረስኩት" አለኝ፣ በኩራት። እንኳን ደስ ያለህ ልለው አስቤ አፌ አልታዘዘኝም። እንዴት ብለው ካርድ ክፍል ገብቶ ቻርቶቹን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ዶርም ተኝቶ ሞላው። (ፎቶዎቹን አሁኑኑ አጥፋ አልኩት፣ የበሽተኛ ስም ስልክ ላይ ይዞ መዞር ምን ማለት ነው?)

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ስለዚ ማንንም ሳልፈራ ልንገራችሁ። ቻርት ላይ ያለ ቁጥር ሁሉ አንድ የደከመው ሰው የጻፈው ነው። አንዴ የአንድ ተማሪ የልጆች ኒሞኒያ (የሳንባ ምች) ዳታ አየሁ፣ የትንፋሽ ቁጥሩ 44፣ 48፣ 52፣ 56፣ 60፣ ሁሉም ለ4 ይካፈላል። ገባችሁ? 15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 አባዝተው ነው እንጂ ደቂቃ ሙሉ የቆጠረ የለም። ከ2 ወር እስከ 1 አመት ላለ ልጅ 50ና ከዛ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 አመት 40ና ከዛ በላይ ነው ፈጣን ትንፋሽ ምንለው፣ እንግዲህ በ15 ሰከንድ ውስጥ አንዲት ትንፋሽ ስትሳሳት በደቂቃ 4 ሆና ትመጣለች፣ የ8 ወሩ ልጅ 48 የነበረው 52 ይሆንና ኒሞኒያ ተባለ ማለት ነው። ዳታ ምናሰላበት ሶፍትዌር ኤስፒኤስኤስ ይሄን አይነግራችሁም፣ ፒ ቫልዩ ሚባለውን የስታቲስቲክስ ቁጥር ሰጥቷችሁ ዝም ነው።

እድሜም እንደዛው ነው። አዋቂው ሁሉ እያጠጋጋ 30፣ 35፣ 40 ነው። ገጠር ወርዳችሁ እናትየዋን ልጁ መቼ ተወለደ ስትሏት "አረፋ ሰሞን" ብትላችሁ ደስ ብሏችሁ ወር አትጻፉ፣ አረፋ በየአመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚፈጥን የየትኛው አመት አረፋ እንደሆነ ጠይቁ። "ቡና ሲለቀም" ካለች ይሻላል፣ እሱ ወሩን ብዙ አይለቅም።

ኮንሰንት ላይ፣ ማለትም ሰውየውን ለጥናቱ ስታስፈቅዱ፣ ደግሞ አትቸኩሉ። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ነጭ ጋዋን ለለበሰ "እሺ" ቢል ፈቅዶ ነው ወይስ እምቢ ካልኩ ህክምናዬ ይቀራል ብሎ? በኦሮምኛ ካልገባው አማርኛው ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ማስነካት ፊርማ አይባልም። እኔ ጋዋኔን አውልቄ ወንበር ስቤ ነበር ምጠይቀው፣ ያኔ ነው "ደሜን ወስዳችሁ የት ታደርሱታላችሁ?" ሚሉት። ይሄን ጥያቄ ካልሰማችሁ ገና አላስረዳችሁም።

ዋርድ ውስጥ ያያችሁትንም የጅማ ዞን ሁሉ በሽታ ነው አትበሉ። ሆስፒታል ሚደርሰው ለመኪና ብር ያገኘው ነው፣ ቤቱ የሞተው ካርድ የለውም። የዩኒቨርስቲው የምርምር ጣቢያ ጊልገል ጊቤ፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ቤት ለቤት ማን ተወለደ ማን ሞተ ማን ቦታ ቀየረ ተብሎ ሚመዘገበው ለዚህ ነው። ለሲቢቲፒ፣ ተማሪ ማህበረሰቡ ውስጥ ገብቶ ለሚማርበት ፕሮግራም፣ ስትወጡም ፀሐዩንና ጭቃውን እያማረራችሁ አትጨርሱት።

ይሄን ሁሉ ምላችሁ ንጹህ ስለሆንኩ አይደለም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ገና ዩኒቨርስቲ አልነበረም፣ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ነበር ምንባለው፣ ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተቀላቅሎ ዩኒቨርስቲ የሆነው በ1992 ነው። ገጠር ወጥተን 31 ቤት ደረሰኝ፣ የመጨረሻዋን ቤት ዝናብ ያዘኝና ዛፍ ስር ቁጭ ብዬ ሞላሁት፣ ልጆች 4፣ ሁሉም የተከተቡ፣ ሽንት ቤት አለ። ሱፐርቫይዘራችን ለካ ጥቂት ቤቶችን መርጦ በድጋሚ ይዞራል፣ የኔዋ ደረሰችው። ሄዶ ቢያንኳኳ ሰው የለም፣ ጎረቤት ጠርቶ ቢያስከፍት የቡና መጋዘን ናት፣ እስከ ጣሪያዋ ጆንያ።

አልጮኸብኝም። ማታ ሁላችን ቁጭ ባልንበት ፎርሜን እያየ "4ቱንም አስከትበሃቸዋል፣ ጎበዝ" አለኝ፣ ጓደኞቼ ሳቁ፣ እኔ ያኔ ገና ለምን እንደሚስቁ አልገባኝም ነበር። በማግስቱ 31ዱንም ቤት እንደገና ዞርኩ፣ በደንብ ጠይቄያቸዋለሁ ብዬ ስምልባቸው ከነበሩት ውስጥ 6ቱ ሌላ መልስ መለሱልኝ።